የኮጮው ባክቴሪያ የማን ነው? የሕይወት ሳይንስ ፓተንት በቀላል አማርኛ

ሐዋሳ ላይ አንዲት የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ አለች እንበል። ወደ ሲዳማ ደጋዎች እየወጣች ከጉድጓድ የተብላላ ኮጮ ናሙና ትሰበስባለች፤ ቤተ ሙከራ ተመልሳ በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች እየለየች ታራባለች። ከለየቻቸው ሁለቱ በተወሰነ መጠን ሲደባለቁ፣ በብርድ አገር ወራት የሚፈጀውን መብላላት ወደ ጥቂት ሳምንታት ያወርዱታል፤ ጠንካራ ሽታውንም ያለዝቡታል። አድርቃ፣ በዱቄት መልክ አሽጋ የምትሸጠው እርሾ ልታደርገው ታስባለች። ያን ጊዜ ጥያቄው ይመጣል። ለዚህ ነገር ፓተንት ይሰጣል? ከተሰጠስ ባለቤቱ ማን ነው? እሷ ናት? የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ነው? ወይስ ናሙናውን ከጉድጓዳቸው ቆንጥረው የሰጧት እናቶች?

ተመራማሪዋን ለማስረዳት ብዬ ያመጣኋት ናት። ጥያቄዎቹ ግን ሐዋሳ ውስጥ በእርሻ፣ በሕክምና፣ በምግብ ሳይንስ ወይም በባዮቴክኖሎጂ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚገጥሙት ናቸው። ብዙዎቻችን ፓተንትን፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የሕግ ባለሙያ መጥቶ ማኅተም የሚያስመታበት ወረቀት አድርገን እናስበዋለን። በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ እንደዚያ አይደለም። የፓተንቱ ዕድል የሚወሰነው ናሙናው ከስፍራው በሚነሣበት ቀን፣ ሙከራው መዝገብ ላይ በሚሰፍርበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ ለሌላ ሰው በሚነገርበት ቀን ነው። የፓተንት ባለሙያው ሲጠራ ብዙው ነገር ተወስኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጉዳዩን ከማመልከቻው ቀን ወደ ኋላ ሄደን ብናየው ይሻላል።

በመጀመሪያ መሠረቱን እናስቀምጥ። ፓተንት በመንግሥትና በፈጠራ ሠራተኛው መካከል ያለ ስምምነት ነው። ፈጣሪው የሠራውን ነገር ሌላው የሙያ ሰው አንብቦ ሊደግመው በሚችል መልኩ ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥት በበኩሉ ለተወሰኑ ዓመታት ሌሎች ያለ ፈቃዱ እንዳይሠሩት፣ እንዳይሸጡት፣ እንዳያስመጡት የመከልከል መብት ይሰጠዋል። በእኛ አገር ጉዳዩን የሚገዛው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ዘመኑ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በተገቢው መንገድ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። በአብዛኛው ዓለም 20 ዓመት ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ለሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በተደጋጋሚ ይምታታል። አንደኛ፣ ፓተንት የመከልከል መብት እንጂ የመሸጥ ፈቃድ አይደለም። መድኃኒት የሠራ ሰው ፓተንት ቢኖረውም ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይፈቀድለት ገበያ አያወጣውም፤ ያኛው መሥሪያ ቤት የሚመረምረው ደኅንነትን፣ ጥራትንና ፈዋሽነትን ነው። ሁለተኛ፣ ፓተንት ከአገር ድንበር አያልፍም። አዲስ አበባ የተሰጠ ፓተንት ናይሮቢ ላይ ማንንም አይከለክልም፤ ዋሽንግተን የተሰጠውም ሐዋሳ ላይ እንደዚያው ነው።

ተፈጥሮ የሠራችውና ሰው የሠራው

የመኪና ሞተር የሠራ ሰው ፓተንት ሲጠይቅ ሞተሩን ተፈጥሮ ሠራችው ብሎ የሚከራከረው የለም። ባክቴሪያ፣ ጂን፣ የዕፅዋት ቅመም ይዞ የሚመጣ ሰው ግን የመጀመሪያው ፈተናው ይኸው ነው። ሕጋችን ግኝትን፣ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብን፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያዎችን፣ እንዲሁም በመሠረቱ ሥነ ሕይወታዊ የሆነ የማራቢያ ሂደትን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። የሰውን ወይም የእንስሳን አካል በቀዶ ጥገና ወይም በሌላ ሕክምና የማከሚያ ዘዴ፣ በአካል ላይ የሚደረግ የምርመራ ዘዴም እንዲሁ ፓተንት አይሰጥባቸውም። ለዘዴዎቹ የሚያገለግለው ምርት ግን ይሰጥበታል። ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም አዲስ የቀዶ ጥገና አካሄድ ቢያገኝ አካሄዱ ለሁሉም ሐኪም ክፍት ነው፤ ለዚያ አካሄድ ብሎ የሠራው መሣሪያ ግን ማመልከቻ ሊቀርብበት ይችላል። ይህ ልዩነት ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ሐኪም በሽተኛው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ የመብት ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ድንበሩ ግን ሁሌም ጥርት ያለ አይደለም። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባሉት ሳይንቲስት ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲሠሩ ድፍድፍ ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ አዘጋጁ፤ ከተለያዩ ባክቴሪያዎች የተወሰዱ የዘረመል ቀለበቶችን በአንዱ ውስጥ አሰባስበው። የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ሕይወት ያለው ነገር ነው ብሎ ከለከላቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደላቸው፤ ጥያቄው ሕይወት ያለው ወይም የሌለው መሆኑ ሳይሆን የሰው ሥራ መሆን አለመሆኑ ነው አለ። የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ የቆመው በዚህ ፍርድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ያው ፍርድ ቤት ወደ ሌላኛው ጎን የመስመሩን ጫፍ አሳየ። ማይርያድ የተባለው ኩባንያ ለጡትና ለእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር የሚያጋልጡ ለውጦች የሚገኙባቸውን ሁለት ጂኖች ለይቶ በማውጣቱ የፓተንት ባለቤት ሆኖ፣ ምርመራውን ሌሎች እንዳያደርጉ ይከለክል ነበር። ፍርድ ቤቱ ከሰው አካል ውስጥ ያለን ጂን ከሌላው ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ፈጠራ አይደለም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ፤ በቤተ ሙከራ የተቀናበረውንና በተፈጥሮ በዚያ መልኩ የማይገኘውን ቅጂ ግን ተቀበለ። በአውሮፓ ደግሞ ከተፈጥሮ አካባቢው ተለይቶ የወጣ ዘረመል፣ ጥቅሙ ተለይቶ ከተገለጸ፣ ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ አንዱን ነገር ይዞ ሦስት አገር የሚያመለክት ሰው ሦስት የተለያየ መልስ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ወደ ኮጮዋ እንመለስ። ከጉድጓድ የተገኘው ባክቴሪያ እንዳለ ከቀረበ፣ መርማሪው «ይህ ግኝት ነው» የሚልበት በቂ ምክንያት አለው። ሁለቱ ዓይነቶች በተፈጥሮ በማይገኙበት መጠን ተደባልቀው፣ ደርቀው፣ ለወራት ሳይሞቱ የሚቆዩበት ዱቄት ተሠርቶ ከቀረበ ግን የሰው እጅ ገብቶበታል። ዱቄቱን ለተፋቀ እንሰት በምን ያህል መጠን፣ በምን ያህል ሙቀት፣ ለስንት ቀን መጠቀም እንደሚገባ የሚገልጸው አሠራርም ራሱን የቻለ የመብት ርዕስ ነው።

አዲስ የእንሰት ወይም የቦሎቄ ዝርያ ያወጣ ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም። «ሐዋሳ ዱሜ» የሚባለውን ቀይ ቦሎቄ የሚያውቅ ገበሬ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ዝርያ የሚጠበቀው በዕፅዋት አዳቃዮች መብት ሕግ ነው፤ አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1068 ነው። መስፈርቱም ሌላ ነው፦ አዲስ መሆን፣ ከሌላው ተለይቶ መታወቅ፣ በአንድ ማሳ ላይ ወጥ መሆንና በትውልድ ትውልድ ጠባዩን አለመቀየር።

ድንበር ማስመር

የፓተንት ሰነድ ረጅም ነው፤ ዋናው ጉልበቱ ግን መጨረሻ አካባቢ በተራ ቁጥር በተጻፉት ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው። የመብት ይገባኛል ጥያቄ ይባላሉ። እንደ ቤት ይዞታ ካርታ ናቸው፤ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር ጎረቤት ሲገፋ የሚታየው ካርታው ላይ የሰፈረው ልክ ነው። የፓተንት ባለሙያ ደመወዙን የሚያገኘው ይህን መስመር በማስመር ነው።

ተመራማሪዋ መጀመሪያ የምትጽፈው «ኮጮን ፈጥኖ የሚያብላላ ማንኛውም የባክቴሪያ ድብልቅ» የሚል ሊሆን ይችላል። ሰፊ ነው፤ ያማልላልም። ነገር ግን በኮጮ ውስጥ ሉኮኖስቶክና ላክቶባሲለስ የተባሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እንደሚሠሩ ከአሥርት ዓመታት በፊት በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ተጽፏል። እናቶችም ካለፈው ጉድጓድ የቀረ ኮጮ ለአዲሱ እርሾ ማድረግን ያውቃሉ። ሰፊው ጥያቄ በዚያ ሁሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ አዲስ አይደለም ተብሎ ይወድቃል። ከመጠን በላይ ከጠበበ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ከዚህ ዓይነት 60 ከመቶ፣ ከዚያኛው 40 ከመቶ» ብቻ ከተባለ፣ ተፎካካሪ 55 በ45 አድርጎ ያልፋታል። ጥሩ ባለሙያ መሀል ላይ ያለውን ስፍራ ይፈልጋል፤ ሰፋ ያለ አንድ ጥያቄ ያስቀድምና ከሥሩ ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ የሚሄዱ ሌሎችን ይደረድራል። ላይኛው ቢወድቅ ታችኛው ይቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ከአዲስነትም ይከብዳል። ነገሩ በሙያው ለሠለጠነ ሰው ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም? መርማሪው «ሁለቱም ባክቴሪያዎች ይታወቃሉ፤ ደባልቆ መሞከር የማንም ተማሪ ሐሳብ ነው» ይላል። መልስ የሚሆነው የቤተ ሙከራ ውጤት ነው። ሁለቱ ለየብቻ ሲሠሩ ካሳዩት ድምር በላይ አብረው ሲሆኑ ከሠሩ፣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኝቷል ማለት ነው። ይህን የሚያሳየው ንጽጽር ግን ማመልከቻው ሲጻፍ እጅ ላይ መኖር አለበት። ሙከራው የተሠራው ድብልቁን ከምንም ጋር ሳያወዳድር ከሆነ ጠበቃው ምንም ቢናገር ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው የፓተንት ባለሙያውን ሙከራው ከመታቀዱ በፊት ማነጋገር የሚበጀው፤ ምን ዓይነት ንጽጽር እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው እሱ ነው።

በሕይወት ሳይንስ ማስረጃ እንዲህ የሚጠነክረው ሥነ ሕይወት አስቀድሞ ስለማይተነበይ ነው። ሜካኒክ የአንድን ማርሽ ጥርስ ስፋት ቢለውጥ ምን እንደሚሆን በስሌት ይናገራል። የአንድን ፕሮቲን አንዲት አሚኖ አሲድ የለወጠ ሰው ግን ሳይሞክር ውጤቱን ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመድኃኒት ኩባንያዎቹ በአምጀንና በሳኖፊ ጉዳይ የፈረደው በዚሁ ላይ ነው። አምጀን የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚሆኑ 26 ፀረ እንግዳ አካላትን ዘርዝሮ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩትን ሁሉ የእኔ ናቸው አለ። ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉንም የምትል ከሆነ ሁሉንም እንዴት እንደሚሠሩ ማሳየት አለብህ፤ ሌላው ሰው እየሞከረ ራሱ ይፈልግ ማለት መግለጥ አይደለም ብሎ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ።

ባክቴሪያ ላይ ደግሞ የራሱ ችግር አለ። ሕያው ነገር በቃላት ተገልጾ አያልቅም፤ አንባቢው መግለጫውን ይዞ ያንኑ ባክቴሪያ ከአፈር ውስጥ ሊያገኘው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1977 የተፈረመው የቡዳፔስት ስምምነት ለዚህ መፍትሔ አበጀ፦ ባክቴሪያው ዕውቅና ባለው የማይክሮብ ማኖሪያ ተቋም ይቀመጥና የተቀማጩ ቁጥር ማመልከቻው ላይ ይጻፋል። አብዛኞቹ ተቋማት የሚገኙት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ነው። ሐዋሳ ያለች ተመራማሪ ይህን ለማድረግ ከፈለገች ባክቴሪያውን ከአገር ማስወጣት ይኖርባታል፤ ከአገር ለማስወጣት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደዚያ እመጣለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፉ ቀን

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጥሩ ሥራ የሠራ ተማሪ ሰኔ ላይ ጥናቱን በግልጽ አዳራሽ ያቀርባል፤ ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ይሰማዋል። ጽሑፉ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። አማካሪው ደግሞ ማጠቃለያውን ለጉባኤ ይልካል። ሁሉም የሚያስመሰግን ተግባር ነው። በፓተንት ሕግ ዓይን ግን በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስ መሆኑ ቀርቷል። አቅራቢው ራሱ ፈጣሪው መሆኑ አያድነውም።

የእኛ ሕግ ለዚህ ርኅራኄ አለው፤ ፈጣሪው ራሱ ከገለጠው፣ ወይም ሌላ ሰው ያለ አግባብ ካወጣበት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ 12 ወር ሳያልፍ ካመለከተ አዲስነቱ አይነካም። አሜሪካም የአንድ ዓመት ዕድል ትሰጣለች። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ግን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር አይሰጥም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ጥናቱን ያቀረበ ተማሪ እስከሚቀጥለው ሰኔ አዲስ አበባ ማመልከት ይችላል፤ የአውሮፓ በር ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ተዘግቷል።

መፍትሔው ዝም ማለት አይደለም። ሳይንስ የሚያድገው በመነጋገር ነው፤ ተማሪም መመረቅ አለበት። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ግን ይቻላል፤ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ የመመረቂያ ጥናቱን ማቅረብ፣ ከዚያ ኅትመት። ማመልከቻው በገባ ማግስት የፈለጉትን መናገር ይቻላል። ከዚያ በፊት ከኩባንያ ወይም ከውጭ ተቋም ጋር መነጋገር ግድ ከሆነ የምሥጢር ጥበቃ ውል ይፈረማል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለእያንዳንዱ የምርምር ክፍል አዘጋጅተው ሊያስቀምጡት የሚገባ ነው።

ባለቤትነቱስ? ሕጉ ተቀጣሪ በሥራ ውሉ መሠረት የሠራው ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው ይላል፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ፈጠራ የሠራተኛው የራሱ ነው። ደመወዝተኛዋ ተመራማሪ በዚህ ትገዛለች። የማስተርስ ተማሪው ግን ተቀጣሪ አይደለም፤ ስለዚህ የሱ ድርሻ ምርምሩ ሳይጀመር በጽሑፍ ካልተወሰነ ኋላ ጠብ ነው። ሌላው የሚያጣላው የስም ጉዳይ ነው። የጥናት ጽሑፍ ላይ የክፍል ኃላፊውም፣ ናሙና ያመጣውም፣ መሣሪያ ያዋሰውም ስማቸው ሊገባ ይችላል። የፓተንት ፈጣሪ ተብሎ የሚጻፈው ግን ሐሳቡን ያፈለቀ ሰው ብቻ ነው። ፈጣሪ ያልሆነን ሰው በክብር መጨመር ወይም ፈጣሪውን መተው በብዙ አገሮች ፓተንቱን ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። ቀን ተጽፎበት ገጽ በገጽ የተፈረመበት የቤተ ሙከራ መዝገብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ናሙናው የመጣበት ጉድጓድ

ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ሳይንስ ዙሪያ የሚሠራ የፓተንት ባለሙያ ከሌላው አገር ባልደረባው የሚለይበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። እንሰቱ፣ ባክቴሪያው፣ እናቶቹ የሚያውቁት የእርሾ አያያዝ ባለቤት አላቸው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 እንዲህ ያለውን ሀብት ለመውሰድና ከአገር ለማስወጣት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ፈቃድ ያገኘ ሰው በወሰደው ሀብት ወይም በክፍሉ ላይ ፓተንት ከመጠየቁ በፊት የተቋሙን ግልጽ የጽሑፍ ስምምነት ማግኘት አለበት፤ ከሀብቱ በተሠራው ምርት ላይ መብት ከፈለገም አዲስ ድርድር ይጠብቀዋል። ከሚገኘው ጥቅም ለመንግሥት በገንዘብ ከሚደርሰው ግማሹ ለማኅበረሰቡ ነው። አገራዊ የመንግሥት ምርምር ተቋማት በቀለለ መንገድ ፈቃድ የሚያገኙበት አሠራር ቢኖርም ከግዴታው አይወጡም።

ይህ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ የጤፍ ታሪክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የያኔው የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ተፈራረመ፤ በጊዜው በዓለም በምሳሌነት የተጠቀሰ ውል ነበር። ነገር ግን በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ከውሉ በፊት ገብቶ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሰጠው። የመብት ጥያቄው ያረፈው የመውደቅ ቁጥር በሚባለው ላይ ነው፤ ይህ በዱቄት ውስጥ ስታርችን የሚሰባብረው ኢንዛይም ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚለካበት ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ፓተንቱ 250ና ከዚያ በላይ የሆነውን ያዘ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ውሉ ወደማያስረው ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነበር።

መጨረሻውን በጥሞና ማየት ያስፈልጋል። የኔዘርላንድሱን ፓተንት የጣለው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018፤ ክርክሩን ያነሣው ግን የኢትዮጵያ መንግሥት አልነበረም። ፓተንት ያዡ ኩባንያ ሌላ የዱቄት አምራች ድርጅትን መብቴን ጣሰ ብሎ ከሰሰ፤ ተከሳሹ ደግሞ ፓተንቱ ከጅምሩ ዋጋ የለውም አለ። ፍርድ ቤቱም የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ ሻረው። የሀብት ዝርፊያ የሚል ቃል አላስፈለገም። የጣለው ተራው የፓተንት መስፈርት ነው፤ ለሙያው ሰው ግልጽ የነበረ ነገር ፈጠራ አይደለም የሚለው። ቁጣችን ተገቢ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው እጃችን ላይ ነበረ፤ በአውሮፓ ፓተንት በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ማንም ሰው ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። የኒም ዛፍ ፓተንት በአውሮፓ የወደቀው ህንዳዊቷ ቫንዳና ሺቫ ከሌሎች ጋር በዚሁ መንገድ ባቀረቡት ተቃውሞ ነው፤ ህንድ ደግሞ የእርድን ፓተንት በአሜሪካ አስወድቃለች፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሸነፈችው የቆዩ ጽሑፎችን ማስረጃ አድርጋ ነው። የተጻፈ ማስረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። የእናቶቻችን ዕውቀት ሳይጻፍ ሲቀር፣ ሩቅ አገር ያለ መርማሪ መዝገብ ሲያገላብጥ አያገኘውም፤ ካላገኘው ደግሞ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

የእንዶድን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ለሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ የውሃ እንስሳ በእንዶድ የመቆጣጠር ዘዴ ላይ ፓተንት የያዘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እዚህ የምናየው ሌላ የሕግ ገጽ ነው፦ ተክሉ ዘመን የቆጠረ ቢሆንም፣ አዲስ የተገኘለት ጥቅም በብዙ አገሮች ፓተንት ያገኛል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚሳተፍ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የባለቤትነቱን ድርሻ መደራደር ያለበት ናሙናውን ከመላኩ አስቀድሞ ነው፤ የናሙና ማስተላለፊያ ውል የሚባለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል አገሮች ጄኔቫ ላይ ባጸደቁት ስምምነት፣ በጄኔቲክ ሀብት ላይ የተመሠረተ ፈጠራ የሚያመለክት ሰው ሀብቱ የመጣበትን አገር ወይም ምንጭ እንዲያሳውቅ ተወስኗል። ለእንደኛ ዓይነት አገር ትልቅ እርምጃ ነው።

ፋርማሲው መደርደሪያ ላይ

እስካሁን ያየነው የፈጣሪውን ወገን ነው። ሐዋሳ ፒያሳ ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት የሚገዛ ሰውም ፓተንት ይነካዋል።

አንድ መድኃኒት በአንድ ፓተንት አይታጠርም። መጀመሪያ ንጥረ ነገሩ ይመዘገባል፤ ከዓመታት በኋላ የጨው ቅርጹ፣ ከዚያ የክሪስታል ዓይነቱ፣ የእንክብሉ አሠራር፣ አወሳሰዱ፣ አዲስ የተገኘለት በሽታ እያለ ይቀጥላል። ሑሚራ የተባለው የመገጣጠሚያ በሽታ መድኃኒት ዋናው የአሜሪካ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ቢያበቃም፣ በዙሪያው በተደረደሩት ሌሎች ፓተንቶች ምክንያት ተመሳሳዮቹ አሜሪካ ገበያ የገቡት በ2023 ነው። ህንድ ይህን ለመግታት ሕጓ ውስጥ አንቀጽ 3 ፊደል መ የሚባለውን አስገባች፤ የሚታወቅ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ የተሻለ ፈዋሽነት ካላሳየ ፓተንት አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቫርቲስ ለደም ካንሰር መድኃኒቱ ግሊቬክ የጠየቀውን በዚሁ ምክንያት ከለከለ። እኛ ብዙ መድኃኒት የምናስመጣው ከህንድ ስለሆነ፣ ዴልሂ የተሰጠው ፍርድ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ሌላው መንገድ ፈቃድ ነው። ዶሉተግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ገና ፓተንቱ ሳያልቅ፣ ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የመድኃኒት ፓተንት ቋት ከተባለው፣ ለሌሎች አምራቾች ፈቃድ ከሚያስገኘው ድርጅት ጋር በገባው ውል የህንድ አምራቾች በርካሽ እንዲያመርቱት ተፈቀደ፤ አፍሪካ በውሉ ውስጥ አለች። በዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ ደግሞ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች የመድኃኒት ፓተንት እንዲሰጡ እስከ 2033 እ.ኤ.አ. አይገደዱም። ኢትዮጵያ የዚያ ድርጅት አባል ለመሆን እየተደራደረች ነው፤ የ1987ቱ አዋጅ ግን መድኃኒትን ከፓተንት ውጭ ካደረጋቸው ዝርዝሮች ውስጥ አላስገባም። ድርድሩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህን ቀዳዳ ለማስጠበቅ ብርቱ እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ በካንሰርና በኩላሊት ሕመም የሚሠቃዩ ቤተሰቦች ሁሉ ያገባቸዋል።

እዚህ አገር መድኃኒት ማምረት የሚፈልግ ባለሀብት ለፓተንት ባለሙያው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ብሠራው ማን ይከሰኛል?» የሚል ነው። ባለሙያው የአገር ውስጥ መዝገብ ይፈትሻል። ንጥረ ነገሩ እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ ማምረትን የሚከለክል ፓተንት የለም፤ ወደ ጎረቤት አገር ለመላክ ሲታሰብ ግን የዚያ አገር መዝገብም ይታያል። ውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን ያልተመዘገበውን ፈጠራ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው ሕጋችን እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአስገቢ ፓተንት የሚሰጥበት መንገድም አለው። ለተመራማሪ ደግሞ ሌላ እፎይታ አለ፤ በፓተንት የተጠበቀን ነገር ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ መጠቀም እንደ ጥሰት አይቆጠርም።

የኮጮዋ ተመራማሪ ዛሬ ምን ታድርግ? የናሙናውን ፈቃድ ታረጋግጥ፤ ከዩኒቨርሲቲውና ከተማሪዎቿ ጋር ያለውን ድርሻ በጽሑፍ ታስቀምጥ፤ ሁለቱን ባክቴሪያዎች ለየብቻና አንድ ላይ፣ ከእናቶቹ ነባር አሠራር ጋርም አወዳድራ ትመዝግብ፤ ጉባኤው ላይ ከመቅረቧ በፊት ታመልክት። የንጽጽሩ ውጤት ለሙያው ሰው ግልጽ ነበር ከሚለው ክርክር የማያድናት ከሆነም፣ የፈጠራ ብልሃት የማይጠይቀው የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት አለ፤ 5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። እንሰት መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ለሚሠሩ የሐዋሳ ወጣቶችም ይህኛው ከፓተንት ይልቅ የሚቀርባቸው በር ነው። ለእርሾው ከረጢት የምታወጣለት ስም ደግሞ የንግድ ምልክት ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በሌላ ማመልከቻ ለዚያው ባለሥልጣን ይቀርባል።